የሞዛርት ሬኪየም ክብደቱ ከምን መጣ? የማንስ ድምፅ ነው?

ጥያቄ፦ «በቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ቡድን ውስጥ በባስ ድምፅ እዘምራለሁ። ዘንድሮ የሞዛርትን ሬኪየም እያጠናን ነው። ከማውቃቸው ሌሎች ሥራዎቹ ጋር ሳነጻጽረው እጅግ የከበደና የጠቆረ ሆኖ አገኘዋለሁ። አንዳንዶች የራሱን ሞት እያሰበ ስለጻፈው ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ግማሹን እንኳ እርሱ አልጻፈውም ይላሉ። ክብደቱ በእውነት ከምን የመጣ ነው? የምንዘምረውስ የማንን ድምፅ ነው?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ ጥያቄዎችዎ ሁለት ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል፤ ያም ቦታ ሞዛርት ሳይጨርሰው የቀረው የእጅ ጽሑፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ዛሬ ቪየና ውስጥ በኦስትሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ገጾቹን የተመለከተ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየውም ባዶነታቸውን ነው። በአብዛኞቹ ገጾች ላይ ለቫዮሊኖች፣ ለቪዮላ፣ ለትንፋሽ መሣሪያዎችና ለቲምፓኒ የተመደቡት መስመሮች ጥቂት ኖታ ብቻ ጣል ጣል ተደርጎባቸው ባዷቸውን ቀርተዋል። ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ግን የሶፕራኖ፣ የአልቶ፣ የቴኖርና የባስ (ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ያሉት አራቱ የመዘምራን ድምፆች) መስመሮች ከነቃላቸው ተሟልተው ተጽፈዋል፤ ከሥራቸውም የኦርጋኑና የባስ መሣሪያዎቹ መስመር፣ ኮርዶቹን (በአንድነት የሚሰሙ ቃናዎችን) ከሚያመለክቱ ቁጥሮች ጋር፣ ይገኛል። ሞዛርት ሲጽፍ ሥራውን የሚሸከመውን ዋና ነገር አስቀድሞ ያሰፍርና ሙላቱን ኋላ ይመለስበት ነበር። በዚህ ሥራ አስቀድሞ ያሰፈረው ደግሞ የእናንተን፣ የመዘምራኑን ድምፅ ነው።

ወደ ሙዚቃው ከመግባቴ በፊት የታሪኩን ፍሬ ነገር በአጭሩ ላስቀምጥ (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሬኪየም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለሙታን የሚደረገው ቅዳሴ ነው፤ ስሙም «የዘላለም ዕረፍትን ስጣቸው» ከሚለው የላቲን መክፈቻ የመጣ ነው። ሥርዓቱ ከእኛ ጸሎተ ፍትሐት የተለየ ቢሆንም ዓላማው ለአንባቢው እንግዳ አይሆንም፤ «ኪርዬ ኤሌይሶን» የሚለውም የግሪክ ልመና በእኛ ቤተ ክርስቲያን በሰሙነ ሕማማት ስግደት «ኪርያላይሶን» እየተባለ የሚደጋገመው ያው ነው። በ1791 ፍራንስ ፎን ቫልሴግ የተባለ የኦስትሪያ ባላባት ሚስቱ አና በ20 ዓመቷ የካቲት 14 ቀን ስለሞተችበት፣ ለመታሰቢያዋ የሚሆን ሬኪየም እንዲጻፍለት በሰው በኩል፣ ስሙን ሳይገልጽ፣ ሞዛርትን አዘዘ። ስሙን የደበቀው ሥራውን የራሱ ድርሰት አስመስሎ ሊያሰማው ስላሰበ ነበር። ሞዛርት ሥራውን ሳይፈጽም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 5 ቀን በ35 ዓመቱ አረፈ።

ይህ ታሪክ፣ የማይታወቅ መልእክተኛና የሞት ጥላ ስላለበት፣ ለተውኔትና ለፊልም እጅግ ተመችቷል፤ ብዙ ሰው ሙዚቃውን የሚሰማውም በዚያ በኩል ሆኖ ነው። እኔ ግን የሙዚቃውን ጥቁረት ከደራሲው ፍርሃት ጋር ማያያዙን አልቀበለውም። ሞዛርት ሬኪየሙን በጀመረበት በዚያው የሕይወቱ የመጨረሻ መጸው በኤ ሜጀር (ሜጀር ብሩህ የሚመስለው፣ ማይነር ደግሞ የጠቆረ የሚመስለው የቃና ዓይነት ነው) የተጻፈውን፣ ብርሃን የሞላበትን የክላርኔት ኮንሰርቶ ጨርሷል፤ ኅዳር 18 ቀን፣ አልጋ ላይ ከመዋሉ ከሁለት ቀን በፊት ማለት ነው፣ በሲ ሜጀር የተጻፈች ደስተኛ ካንታታ (በድምፅና በመሣሪያ የሚቀርብ ድርሰት) ለፍሪሜሶን ማኅበሩ ራሱ ቆሞ አሰምቷል። የሰውየው ስሜት እንዲሁ ወደ ኖታው የሚፈስ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሥራዎችም በጠቆሩ ነበር። የሬኪየሙ ክብደት ታስቦበት የተመረጠ ነው፤ እንዴት እንደተሠራም ጣት እየቀሰሩ ማሳየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ምርጫ የመሣሪያዎቹ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ፍሉት የለም፤ ኦቦ የለም፤ ሆርንም የለም። በዘመኑ ኦርኬስትራ ውስጥ ከላይ ሆነው ድምፁን የሚያበሩትንና መካከሉን በሙቀት የሚሞሉትን መሣሪያዎች ደራሲው ሆን ብሎ ትቷቸዋል። በተለመደው ክላርኔት ምትክም ሁለት ባሴት ሆርን አግብቷል። ባሴት ሆርን የክላርኔት ዘመድ ሆኖ ከእርሱ የረዘመና ወደ ታች የሚወርድ መሣሪያ ነው፤ ድምፁ የታፈነ፣ ጥቂት ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ሞዛርት ይህን መሣሪያ በ1785 በጻፈው የፍሪሜሶኖች የኀዘን ሙዚቃ ውስጥም ተጠቅሞበታል፤ ስለዚህ የባሴት ሆርን ቀለም ከሞትና ከሥርዓት ጋር መያያዙ ለእርሱ አዲስ አልነበረም። ከሁለቱ ባሴት ሆርኖች ጋር ሁለት ባሱን፣ ሁለት ትራምፔት፣ ሦስት ትሮምቦን፣ ቲምፓኒ፣ ባለ አውታር መሣሪያዎችና ኦርጋን አሉ፤ ሌላ የለም። ትሮምቦኖቹ በኦስትሪያ የቤተ ክርስቲያን ልማድ መሠረት በአብዛኛው የአልቶን፣ የቴኖርንና የባስን ዜማ እየተከተሉ ያጸናሉ። እርስዎ በባስ መስመር ሲዘምሩ ከኋላዎ ያንኑ ኖታ የሚነፋ ትሮምቦን አለ፤ ሶፕራኖዎቹ ግን እንዲህ ያለ ደጋፊ የላቸውም። ድምፁ ከታች እንደ ድንጋይ መሠረት የሚከብደው፣ ከላይ የሶፕራኖው ዜማ ራቁቱን የሚቆመውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ገጽ አብረን እንክፈት። ይህ የመግቢያ ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ በሞዛርት እጅ የተጠናቀቀ ብቸኛው ክፍል ነው። ቼሎና ድርብ ባሱ በምቱ ላይ በዝግታ ይራመዳሉ፤ ቫዮሊኖቹና ቪዮላው ግን ምቱ ካለፈ በኋላ፣ በየክፍተቱ፣ አጫጭር ኮርድ ያስቀምጣሉ። አንዱ እግሩን ሲያነሣ ሌላው የሚያሳርፍበት፣ አስከሬን ተሸክሞ የሚሄድ ሰልፍ አካሄድ ነው። በዚህ ላይ ባሱኖቹና ባሴት ሆርኖቹ ሬ፣ ዝቅ ብሎ ዶ ዲየዝ (በግማሽ ቃና ከፍ ያለ ዶ)፣ ተመልሶ ሬ፣ ከዚያ ሚ፣ ፋ የሚለውን ዜማ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ያነሡታል። ስድስት ባር (ባር እኩል ምት ያለው የሙዚቃ መለኪያ ክፍል ነው) ያህል ሁሉም በለሆሳስ ነው። በሰባተኛው ባር ትሮምቦኖቹ በኃይል ይገቡና ትራምፔትና ቲምፓኒ ይከተሏቸዋል፤ በስምንተኛው ደግሞ መዘምራኑ ይጀምራሉ። ከመዘምራኑ የመጀመሪያው ቃል የማን ነው? የባሶቹ ነው። ከእርስዎ በኋላ ቴኖር፣ ከዚያ አልቶ፣ በመጨረሻም ሶፕራኖ፣ ያንኑ ዜማ እየያዙ ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። እንግዲህ የባስ ክፍሉ መግቢያውን ቢያመነታ የሕንጻው መሠረት ነው የሚናወጠው፤ በልምምድ ላይ ከምንም በፊት ይህን አንድ ባር ደጋግመው ይሥሩት።

ሁለተኛው ምርጫ የቆየ የአጻጻፍ ስልት ነው። በ1791 የቪየና አድማጭ የለመደው አንድ ግልጽ ዜማ ከላይ ሆኖ ከሥሩ ቀለል ያለ አጃቢ ያለውን ሙዚቃ ነበር። ሬኪየሙ ግን ድምፆች እርስ በርስ የሚከታተሉበትን፣ ሁሉም እኩል ዋና የሚሆኑበትን የባሮክ ዘመን ጥበብ ይከተላል። ሞዛርት ይህን ጥበብ ከ1782 ጀምሮ በባሮን ጎትፍሪድ ቫን ስቪተን ቤት በየእሑዱ በሚደረገው ስብሰባ የባሮክ ደራሲዎቹን የባክንና የሄንደልን ሥራዎች እያጠና ነው ያዳበረው፤ በ1789ም የሄንደልን «መሢሕ» ለዘመኑ ኦርኬስትራ አዘጋጅቷል። የመግቢያው ሐሳብ በ1737 ሄንደል ለንግሥት ካሮላይን ቀብር ከጻፈው መዝሙር ጋር በግልጽ ይዛመዳል። የኪርዬው ድርብ ፉጋ፣ ማለትም ሁለት ዜማዎች በአንድ ላይ የሚሳደዱበት ክፍል፣ በትልልቅ ዝላዮች የተሠራ የባሮክ ዜማ ይዟል፤ ያን ዓይነት ዜማ ሄንደልም በ«መሢሕ» ውስጥ ተጠቅሞበታል። ይህ ስርቆት አልነበረም፤ በዘመኑ የጋራ ርስት ተደርጎ የሚታይ ነገር ነበር፤ ለሞት ሥርዓትም አሮጌው ቋንቋ ይበልጥ ክብር ያለው ሆኖ ይሰማ ነበር። ሌላም ምክንያት አለ። በ1791 ግንቦት ሞዛርት በቪየና የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ለሙዚቃ ኃላፊው ያለ ደመወዝ ምክትል ሆኖ ተሹሞ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ለመመለስ ዓይኑን ያቀና ሰው የጻፈው ሥራ መሆኑን አንርሳ።

እዚህ ላይ ከርዕሱ ሳልወጣ አንድ ሰው ላነሣ እወዳለሁ፤ ከሚገባው በታች ይጠቀሳልና። በሳልዝቡርግ ታኅሣሥ 1771 ሊቀ ጳጳስ ሲጊስሙንድ ፎን ሽራተንባክ ሲያርፍ፣ የዮሴፍ ሃይድን ታናሽ ወንድም ሚካኤል ሃይድን በዚያው ወር መጨረሻ በሲ ማይነር አንድ ሬኪየም ጽፎ ጨረሰ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ አንድ ዓመት እንኳ ያልሞላት ብቸኛ ልጁ ሞታበት ነበር። በጥር 1772 ሥራው ሲሰማ 16 ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ሞዛርትና አባቱ ሊዮፖልድ እዚያው ነበሩ። የሃይድን ሬኪየምም በዝግታ የሚራመድ ባስ ይዞ ይነሣል፤ ድምፆቹ ተራ በተራ ይደራረባሉ፤ ትሮምቦንና ትራምፔት ይከብዱበታል፤ «ለአብርሃም ቃል እንደገባህለት» የሚለውም የላቲን ቃል በፉጋ ስልት ይዘመራል። ሁለቱን በተከታታይ የሰማ ሰው ሞዛርት ከ20 ዓመት በፊት የሰማውን እንዳልረሳ ያምናል። ልዩነታቸው ደግሞ ትምህርት አለው፤ «ዲዬስ ኢሬ»፣ ማለትም «ያቺ የቍጣ ቀን» የሚለውን ረጅም የላቲን ግጥም ሃይድን እንደ አንድ ወንዝ ሳያቋርጥ ያፈሰዋል፤ ሞዛርት ግን በስድስት ክፍል ቆርጦ ለእያንዳንዱ የራሱን ፊት ሰጥቶታል።

እነዚህን ስድስት ክፍሎች ሁሉ ማብራራት አይቻለኝም፤ ለባስ ዘማሪ ቅርብ በሆኑት ላይ ልቆይ። በመጀመሪያው፣ በ«ዲዬስ ኢሬ»፣ መዘምራኑ በአንድነት ይጮኻሉ፤ ባለ አውታር መሣሪያዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን «ምን ያህል መንቀጥቀጥ ይሆናል» የሚለውን ቃል ባሶች ብቻቸውን ይይዙታል፤ ዜማቸውም በግማሽ ቃና ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ሌሎቹ ድምፆች «ያቺ የቍጣ ቀን» እያሉ ይመልሱላቸዋል። የሚንቀጠቀጠው ዜማው ራሱ ነውና እርስዎ በድምፅዎ ላይ ሌላ መንቀጥቀጥ አይጨምሩበት፤ ሁለቱን ቃናዎች በንጽሕና ከለዩ ይበቃል።

«ኮንፉታቲስ» በሚባለው ክፍል ቴኖሮችና ባሶች ወደ ነበልባል ስለሚጣሉት ኃጥኣን በቁጣ ይዘምራሉ፤ ባለ አውታሮቹ ሁሉ ከሥራቸው በአንድነት አንዲት የተቆጣች ዜማ ይደጋግማሉ። በድንገት ይህ ሁሉ ይቆማል፤ ሶፕራኖና አልቶ፣ ቫዮሊን ብቻ ከሥራቸው ይዘው፣ «ከተባረኩት ጋር ጥራኝ» ብለው በለሆሳስ ይለምናሉ። ይህ ሁለት ጊዜ ይፈራረቃል። በኋላ አራቱም ድምፆች ይገናኙና «ተደፍቼ እለምናለሁ» የሚለውን ሲጀምሩ፣ በእኔ ግምት በዘመኑ ሙዚቃ ውስጥ ከተጻፉት እጅግ ደፋር ከሆኑት ገጾች አንዱ ይመጣል። ሐረጉ ከኤ ማይነር ይነሣና ባልተጠበቀ ኮርድ ወደ ኤ ፍላት ማይነር ይወርዳል፤ ቀጥሎ ወደ ጂ ማይነር። በየሐረጉ አንድ ግማሽ ቃና፣ አንድ ግማሽ ቃና፣ መሬቱ ከእግር ሥር ይሰምጣል። እዚህ ጮኾ መዘመር ሁሉንም ያበላሻል፤ መዘምራን ከቃናው የሚወጡትም በዚህ ገጽ ላይ ነው፤ ስለዚህ ያለ መሣሪያ ደጋግማችሁ እንድታጠኑት እመክራለሁ።

ከዚያ «ላክሪሞዛ»፣ «ያቺ የእንባ ቀን»፣ ይጀምራል። ቫዮሊኖቹ በየምቱ መነሻ ላይ ዝም ብለው ሁለት ሁለት ኖታ ብቻ ያሰማሉ፤ ሲቃ የያዘው ሰው ትንፋሽ ይመስላል። ሁለት ባር ካለፈ በኋላ መዘምራኑ ይገባሉ፤ «ከአመድ ሲነሣ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ የሶፕራኖው ዜማ ከሬ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ፣ ኋላም በግማሽ ቃና እየጠበበ፣ እስከ ላይኛው ላ ይወጣል። ስምንተኛው ባር ላይ ድምፁ ከፍታው ጫፍ ሲደርስ የሞዛርት እጅ ይቆማል። ይህ ገጽ ልብ ይነካል፤ ይሁንና ጥንቃቄ ያስፈልገናል፤ ሞዛርት ክፍሎቹን በቅደም ተከተል ብቻ አልጻፈም፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የመባ ጸሎት በሁለቱም ክፍሎቹ የድምፅ መስመሮቹን ጽፎ ጨርሶ ነበር። ስለዚህ ስምንተኛው ባር ብዕሩ ከእጁ የወደቀበት ቅጽበት ነው የሚለውን ወሬ ይተዉት።

የቀረውን ማን ሞላው? ባልቴቲቱ ኮንስታንሴ ለቀረው ክፍያና ላዘዘው ሰው ማስረከቢያ ስትል ሥራው እንዲፈጸም ፈለገች። በመጀመሪያ ዮሴፍ አይብለር የተባለ ጎበዝ ደራሲ ተረክቦ ከ«ዲዬስ ኢሬ» እስከ «ኮንፉታቲስ» ያሉትን መሣሪያዎች በጥሩ ሁኔታ አቀናበረ፤ በ«ላክሪሞዛ» ላይ ሁለት ባር የሶፕራኖ ዜማ ጨመረና ተወው። በኋላ የ25 ዓመት ወጣት የነበረው ፍራንስ ክሳቨር ዙስማየር ፈጸመው። ዙስማየር በ1800 ለአሳታሚው በጻፈው ደብዳቤ «ሳንክቱስ» («ቅዱስ»)፣ «ቤኔዲክቱስ» («ቡሩክ ነው») እና «አኙስ ዴይ» («የእግዚአብሔር በግ») ሙሉ በሙሉ የእርሱ እንደሆኑ ተናግሯል፤ ለመጨረሻው ክፍልም የሞዛርትን የመግቢያና የኪርዬ ሙዚቃ አዲስ ቃል አልብሶ መልሶታል።

እንግዲህ ለጥያቄዎ ቀጥተኛው መልስ ይህ ነው። ከመግቢያው እስከ «ላክሪሞዛ» ስምንተኛ ባር፣ ከዚያም በመባው ጸሎት ሁሉ፣ እርስዎ የሚዘምሩት እያንዳንዱ ኖታ የሞዛርት ነው፤ በዙሪያዎ የሚሰማው መሣሪያ ግን በአብዛኛው የሌላ እጅ ነው። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ቃሉ በሌላ ሰው እጅ የተቀመጠ፣ ዜማው የሞዛርት ነው። «ግማሹን እንኳ አልጻፈውም» የሚባለው ለኦርኬስትራው ተጫዋች እውነት ሊመስል ይችላል፤ ለዘማሪው ግን እውነት አይደለም። ሥራው ሳያልቅ ቀርቶ እንኳ ያልፈረሰውም አጥንቱ የመዘምራኑ ድምፅ ስለሆነ ነው። በ1782 አካባቢ ጀምሮ ሳይጨርሰው በተወው በሲ ማይነር ቅዳሴ ውስጥ ሶፕራኖዋ አርያ የሚባሉ ረጃጅም የብቸኛ ዘፋኝ ዜማዎች አሏት፤ በሬኪየሙ ውስጥ ግን አንድም አርያ የለም። ብቸኛ ዘማሪዎቹ ስለ መለከቱ ድምፅ በሚናገረው በ«ቱባ ሚሩም» ክፍል ተራ በተራ ቢሰሙም መጨረሻቸው አራት ሆነው መገናኘት ነው። ለሞተ ሰው የሚለምነው ጉባኤው እንጂ አንድ ባለ ድምፅ አይደለም።

በዙስማየር ላይ የሚሰነዘረውን ነቀፋ በከፊል እቀበላለሁ። «ሆሳዕና» የሚለው ፉጋ ሲበዛ አጭር ነው፤ ከ«ሳንክቱስ» በኋላ በዲ ሜጀር ከተዘመረ በኋላ ከ«ቤኔዲክቱስ» ቀጥሎ ሲደገም በቢ ፍላት ሜጀር ይመጣል፤ በዘመኑ ልማድ ግን ድጋሚው በመጀመሪያው ቁልፍ መሆን ነበረበት። በ1960ዎቹ በርሊን ውስጥ በሞዛርት እጅ የተጻፈ የአንድ «አሜን» ፉጋ 16 ባር ረቂቅ ተገኝቷል፤ ዜማው የሬኪየሙ መክፈቻ ዜማ ተገልብጦ ነው። በ«ላክሪሞዛ» መጨረሻ ላይ ሊገባ ታስቦ ነበር ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው፤ ዙስማየር ግን በሁለት ኮርድ «አሜን» ብሎ ዘጋው። በዚህ የተነሣ እንደ ሪቻርድ ሞንደርና እንደ ሮበርት ሌቪን ያሉ ምሁራን ፉጋውን አሟልተው ያካተቱባቸው አዳዲስ ቅጂዎች አሉ፤ እናንተ የምታጠኑት የትኛው እንደሆነ የመዘምራን መሪያችሁን ይጠይቁ። ሆኖም «አኙስ ዴይ»ን ስሰማ ዙስማየር ከሞዛርት አፍ አንድ ነገር ሳይሰማ አልቀረም እላለሁ፤ የመዘምራኑ የባስ መስመር የመክፈቻውን ዜማ ይጠቅሳልና።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልጨምር፤ ከመዘምራን ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሞ የገጠመኝ ነው። የኪርዬው ፉጋ፣ ስለዚህም የመላው ሥራ ማብቂያ፣ ከብዙ ሩጫ በኋላ በአንድ የተደናገጠ ኮርድ ላይ ይቆምና ዝምታ ይሆናል። ቀጥሎ በዝግታ ጥቂት ባር ይመጣና በመጨረሻው ኮርድ ላይ ሬ እና ላ ብቻ ይሰማሉ። ሜጀር ወይም ማይነር የሚያደርገው ሦስተኛው ቃና፣ ፋው፣ የለም። የዘመኑ ጆሮ የለመደው መጽናኛም ኀዘንም ተነፍጎ፣ እንደ ጥንቱ ዜማ ባዶና ሰፊ ሆኖ ይቆማል። በልምምድ ላይ አንድ ዘማሪ ሳያውቀው፣ ጆሮው ስለፈለገው ብቻ፣ ፋን ይጨምርበታል፤ ኮርዱም ወዲያው ይሞቃል። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ የራስዎን ኖታ ይያዙ፣ ግራና ቀኝዎንም ያዳምጡ፤ ያን ቃና ከሰማችሁ መሪያችሁ ያስቁምና እንደገና ያስጀምር።